እባካችሁ፣ አስነሷቸው

ሐምሌ ሲገባ ደሴ ላይ ሰው ይወድቃል። ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ነው የተሠራችው። ዝናቡ ጭቃውን ከላይ ጠርጎ ያወርደዋል። ኮብልስቶኑ ያንሸራትታል። የየግቢው የድንጋይ ደረጃ አረንጓዴ ያወጣል። ነሐሴ ላይ የአጥንት ክፍል አልጋ ይጠፋና መተላለፊያው ላይ ፍራሽ ይዘረጋል።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሐኪሙ ብረት ካስገባለት ወይም ጀሶ ካሰረለት በኋላ ወደ እኔ ይመጣል። መቆሙን፣ መራመዱን፣ ክንድ ማጠፍና መዘርጋቱን እንደገና አብረን እንጀምራለን። ስለዚህ የወደቀው ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ አያለሁ። ማን ወደ እርሻው ተመለሰ፣ ማን በምርኩዝ ቀረ፣ ማን ከአልጋ ሳይነሳ አለፈ።

በእነዚህ ዓመታት ካየሁት ሁሉ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። እኛ አገር ትልቅ ሰው ወድቆ ሲሰበር ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያስብለት ዕረፍት ነው። «አትንኳቸው፣ ይተኙ» ይባላል። ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ብዙ አዛውንቶቻችንን የሚወስዳቸው ስብራቱ ሳይሆን መተኛቱ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 684,000 ሰዎች ወድቀው ይሞታሉ። ከድንገተኛ አደጋዎች መካከል ከመኪና ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚገድለው መውደቅ ነው። ከሟቾቹ ከ100 ከ80 በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው። ሳይገድሉ ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ ጉዳት የሚያስከትሉ ውድቀቶች ደግሞ በየዓመቱ ከ37 ሚሊዮን ይበልጣሉ። እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ አልገረመኝም። የኛን ክፍል ብቻ ማየት ይበቃል።

እኛ ጋ የሚመጣው ዓይነቱ ብዙ ነው። ጥጃ ሊመልስ ሲሮጥ ከአፋፍ የወደቀ እረኛ አለ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሊመለምል ወጥቶ ከነመጥረቢያው የወረደ ጎረምሳ አለ። ክረምት ላይ በለስ ሊለቅም ብሎ የሚንሸራተት ልጅ አለ። ከኮምቦልቻ ከሚሠራ ፎቅ የወደቀ የቀን ሠራተኛ አለ። ከአህያ የወደቀ፣ ከጣሪያ የወደቀ፣ ከአይሱዙ ጭነት ላይ የወደቀ አለ።

ከገደል ለወደቀ ሰው አገር ሁሉ ይሯሯጣል። ከደጃፏ የተንሸራተተች አሮጊት ግን «ወለም ብሏት ነው» ትባላለች። ቅቤ ይቀባላታል፣ ትታሻለች፣ ትተኛለች። ቀን በቀን ይቆጠራል። ትልቅ ሰው ወድቆ መቆም ካቃተው፣ ከሁለቱ እግሮቹ አንዱ ካጠረና መርገጫው ወደ ውጭ ከዞረ ወለምታ አይደለም። ዳሌው ላይ የጭኑ አጥንት ተሰብሯል ማለት ነው። ማሸት አያስፈልግም። ያን ቀን ወደ ሆስፒታል ነው።

እዚህ ላይ ስለ መንገዱ ትንሽ ልበል። የወሎን ሰው በዚህ ነገር ማንም አይስተካከለውም። ሌላው እድር የሚለው ቅሬያችን ለቀብር ብቻ አይደለም። ሰው ሲታመምም ቃሬዛውን የሚሸከመው ቅሬው ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ትከሻ እየተቀያየረ ዳገቱን ወጥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ አምቡላንስ እስከሚደርስበት መንገድ ያመጣል። ከአምባሰል፣ ከደላንታ፣ ከለጋምቦ እንዲህ ተይዘው የመጡ ሰዎችን አውቃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው፣ በሽተኛውን አስረክበው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ የሚመለሱ ሰዎች ናቸው።

ለእነሱ አንድ ልመና አለኝ። ከከፍታ የወደቀ ሰው ጀርባዬን ወይም አንገቴን አመመኝ ካለ፣ ወይም እግሬ ደነዘዘ ካለ፣ በገመድ በተሠራው ቃሬዛ አትሸከሙት። መሐሉ ላይ ይረግባል። የሰውየው ወገብ ይጎብጣል። የተሰበረ አከርካሪ ከጎበጠ ደግሞ ውስጡ ያለውን ህብለ ሰረሰር ሊጎዳው ይችላል። በር ንቀሉ፣ ወይም ጣውላ አምጡ። አንዱ በብብቱ፣ ሌላው በእግሩ ይዛችሁ አታንሱት። ሦስት አራት ሆናችሁ ጭንቅላቱን፣ ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን አንድ ላይ በጎኑ አዙሩት፣ ጣውላውን አስገቡለት፣ መልሱት። ጋቢ ጠቅልላችሁ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ አድርጉለት። እግሩ ብቻ ከሆነ የተጎዳው፣ ከደህናው እግር ጋር በነጠላ አያይዛችሁ እሰሩት። ያ ራሱ ትልቅ ሕክምና ነው።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ራሱን ስቶ ይነቃል፣ ደህና ነኝ ይላል፣ ቡና ይጠጣል። ከሰዓታት በኋላ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። «ይተኛ፣ ደክሞት ነው» አትበሉ። ቶሎ ሲቲ ስካን ካለበት ከደረሰ ደሙ ተቀድቶ ወደ ቤቱ በእግሩ ይመለሳል። ካልደረሰ ያው የምታውቁት ነው።

ስለ ወጌሻ ስጽፍ እጠነቀቃለሁ። ወጌሻን የሚሳደብ ሰው ደስ አይለኝም። ገጠር ላይ ራጅ የለም። ወጌሻው ግን ሌሊትም ሲጠሩት ይመጣል፣ ያጽናናል። ችግሩ የተሰበረ ክንድ ላይ ቀርከሃ ደርድሮ በጨርቅ አጥብቆ ሲያስር ነው። ስብራት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። እስሩ አይላላም። ደሙ መሄጃ ያጣል። ደም ያጣ ጡንቻ 6 ሰዓት ገደማ ሲሆነው መሞት ይጀምራል።

ከዛፍ ወድቆ ከክርኑ በላይ የተሰበረ አንድ ልጅ ነበረን። ሁለተኛ ክፍል ነው። ሲመጣ ጣቶቹ ጠቁረዋል፣ አያለቅስም። እጁ የማይሰማው ስለሆነ ነው የማያለቅሰው። አባቱ «ታሞ ሲጮህ አድሮ ትናንት ተሻለው» አለን። ሐኪሙ መልስ አጣ። እጁን ከክርኑ በታች ማትረፍ አልተቻለም። ያ ስብራት በጊዜው ቢመጣ ሁለት ቀጭን ሽቦ ገብቶለት ከ3 እስከ 4 ሳምንት በጀሶ ቆይቶ የሚድን ነበር። ልጁ አሁን በግራ እጁ ይጽፋል። ጎበዝ ተማሪ ነው። ደሴ ውስጥ ያለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እጅና እግር፣ ክራንችና ዊልቸር ይሰጣል። እዚያ ልኬዋለሁ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ክንድ ወይም እግር ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከበፊቱ ከባሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ፣ ጣቱን ቀና ስታደርጉለት ከጮኸ የቀርከሃውን እስር ወዲያው ፍቱት። ያሰረው ወጌሻ ቢቆጣም ፍቱት። ጀሶ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። እስከ ነገ አይቆይም።

አሁን ወደ አዛውንቶቻችን ልመለስ።

ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል። እኔ «እማ» ነው የምላቸው። ለሱብሒ ውዱእ ሲያደርጉ ሲሚንቶው ላይ የፈሰሰው ውኃ አንሸራተታቸው። ልጆቻቸው አንስተው አስተኟቸው። ሁለት ሌሊት ቤት ቆዩ። ሆስፒታል ሲመጡ ራጁ ግልጽ ነበር። የጭናቸው አጥንት አንገቱ ላይ፣ ማለትም ዳሌው አጠገብ ቀጠን ያለው ቦታ ላይ፣ ተሰብሮ ተለያይቷል።

ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ትልቁ ልጅ «አርጅተዋል፣ በቢላ አይነኩብን። ቤታቸው እንውሰዳቸውና በክብር ይተኙ» አለ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ አስረዳቸው። አንገቱ ላይ ተሰብሮ የተለያየ አጥንት ደሙ ስለሚቋረጥበት በመተኛት አይገጥምም። ኦፕራሲዮኑ የሚደረገው ለውበት አይደለም። ከአልጋ ለማስነሳት ነው። እንዲያውም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቢደረግ ነው የሚሻለው፤ በቆየ ቁጥር ሳንባው፣ ቆዳው፣ ደም ሥሩ ይጎዳል።

ያቆመን ገንዘቡ ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያቸው የታደሰ መሆኑ አዳናቸው። በነገራችን ላይ መድኑ በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት 3 ወረዳዎች አንዷ ሐይቅ ያለችበት ተሁለደሬ ነበረች፤ ሁለቱ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ናቸው። የሐይቅ ሰው መድኑን ቀድሞ ያወቀው ለዚህ ነው። ግን መድኑ ሁሉን አይሸፍንም። ብዙ ቦታ የሚገባው ብረት ሲጠፋ ቤተሰብ ከውጭ ግዛ ይባላል። ብረት ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ይላካል፣ በሬ ይሸጣል፣ በሽተኛው እየጠበቀ ቀኑ ይሄዳል። የዳሌ ብረት እንደ ጉሉኮስ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ መገኘት አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህ ቅንጦት አይደለም።

እማ ኦፕራሲዮን ሆኑ። የተሰበረው የአጥንት ራስ ወጥቶ በብረት ተተካ። በማግስቱ ጠዋት ዎከር፣ ማለትም ተደግፈው የሚራመዱበትን ባለአራት እግር ብረት፣ ይዤ ሄድኩ።

«እማ፣ እንዴት አደሩ? ዛሬ እንነሳለን።»

ልጃቸው ከራስጌ ብድግ አለች። «እህቴ፣ ትናንት እኮ ነው ከኦፕራሲዮን የወጡት! ምን ነክቶሽ ነው?»

«ትናንት ስለሆነ ነው ዛሬ የምናስነሳቸው።»

«ትንሽ ይረፉ። አቅም የላቸውም።»

እንዲህ ስባል አልቆጣም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና እንዲህ አልኳት። ጤነኛ አዛውንቶች 10 ቀን አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደርጎ ሲለካ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጥተዋል። ያውም ሳይሰበሩ፣ ሳይታመሙ፣ በደንብ እየበሉ። እናትሽ ተሰብረዋል፣ ደም ፈሷቸዋል፣ ምግብ ዘግቷቸዋል። ያቺ የቀረቻቸውን ጉልበት ዛሬ ካልተጠቀሙባት በሚቀጥለው ሳምንት አትገኝም። ጀርባቸው ሥር እጅሽን አስገቢና ንኪ። ይህ ቆዳ ተኝቶ ከቆየ ይቆስላል። ከቆሰለ አጥንቱ ድረስ ይበላል። እንደተኙ ሲተነፍሱ ደግሞ የሳንባቸው ታች አይነፋም፤ አክታ ይጠራቀምና ሳንባ ምች ይሆናል። የማይንቀሳቀስ እግር ላይ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ከገባ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል።

በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ፣ ሁሉ ነገር ተሟልቶ፣ ዳሌያቸው ከተሰበረ አዛውንቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5ቱ አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሞታሉ። ይህንንም ነገርኳት። ልጅቱ አለቀሰች። እማ ግን ሲሰሙ ነበርና «ተዪ አንቺ ልጅ፣ አንሺኝ» አሉኝ።

የሕመም ማስታገሻው ከግማሽ ሰዓት በፊት እንዲሰጣቸው አድርጌያለሁ። ይህን ሳያደርጉ ሰውን ማስነሳት ማሰቃየት ነው። መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀመጡ። ዞረባቸው። ጠበቅን። ፊታቸው መለስ ሲል ቆሙ። ዎከሩን ወደፊት፣ ከዚያ የታመመውን እግር፣ ከዚያ ደህናውን። ሦስት እርምጃ። «ቢስሚላህ» እያሉ ነው የረገጡት። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን በሉ። ተኝቶ ከመብላት ወንበር ላይ መብላት ራሱ ሳንባን ይጠብቃል።

ከሁሉ የረዳኝ ጠያቂው ነው። የወሎ ጠያቂ መቼም ብዛቱን ታውቁታላችሁ። ክፍሉ ይሞላል፣ ሁሉም «አብሽሩ» ይላል፣ ሙዝና ጭማቂ ይቆለላል፣ ከዚያ ከንፈር ይመጠጣል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ጠያቂ ይበዛብናል ብለው አይወዱም። እኔ ሥራ ሰጠኋቸው። የመጣው ሁሉ «አብሽሩ» ካለ በኋላ እማን አሥር ጊዜ በጥልቀት አስተንፍሶ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ወደላይና ወደታች አስንቀሳቅሶ፣ ካስፈለገም አቁሞ ይሄዳል። ታናሽ ወንድማቸው ይህን በደስታ ያዘ። በር ላይ ቆሞ እየቆጠረ ያስደርግ ነበር።

ከባዱ ሥራ ቤት ነው። ይህን ሐኪም ቤት ውስጥ ማንም በደንብ አይነግራችሁም። በብረት የተተካ ዳሌ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ገደማ ሊወልቅ ይችላል። የሚወልቀው ብዙ ጊዜ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ብሎ ሲታጠፍ፣ እግር ሲደራረብ ወይም ወደ ውስጥ ሲዞር ነው። አሁን የእኛን ቤት አስቡት። የምንቀመጥበት ዱካ ዝቅ ያለ ነው። መደቡ ዝቅ ያለ ነው። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ ተብሎ ነው። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነው የሚፈላው። እማ ቡና ሳያፈሉ መዋል የሚባል ነገር አያውቁም። ሰላቱ አለ፣ ሱጁዱ አለ። ለክርስቲያኖቹም ስግደቱ አለ።

«ዱካ ክልክል ነው» ብዬ ወረቀት ብሰጣቸው ማንም አይሰማኝም። አንድ በአንድ ተነጋገርን። ሽንት ቤቱ ላይ አናጢ መሐሉ የተቀደደ የእንጨት ወንበር ሠራላቸው። ጎኑ ላይ የሚይዙት እንጨት ግድግዳው ላይ ተመታ። ፍራሹ ከፍ እንዲል ከሥሩ ሌላ ተደረበ። ቡናውን በተመለከተ ረከቦቱ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፣ እማ ወንበር ላይ ሆነው መቅዳት ጀመሩ። መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። «ይሄ የሆቴል ቡና ነው» አሉ። በኋላ ለመዱት። የሰላቱን ነገር የፈታው ያው ወንድማቸው ነው። ሼህ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ለታመመ የተፈቀደ መሆኑን እሱ ሲነግራቸው ልባቸው አረፈ። እኔ መቶ ጊዜ ብነግራቸው ያን ያህል አይሰሙኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ የሚያውቁትን ሼህ ወይም የንስሐ አባት እንዲጠይቁልኝ አደርጋለሁ።

ደረጃ ላላቸው ቤቶች አንድ ነገር ልጨምር፣ ደሴ ደረጃ የሌለው ቤት ስለማይገኝ። ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም። ስትወርዱ የታመመው ይቅደም። ምርኩዝ የሚያዘው ደግሞ ከታመመው እግር በተቃራኒ እጅ ነው። አብዛኛው ሰው የሚይዘው በታመመው በኩል ነው፣ ልክ አይደለም።

እማ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ትንሽ ያነክሳሉ። ገበያ ብቻቸውን አይወጡም፣ ዝናብ ሲኖር ግቢ ውስጥም አይወጡም። ሙሉ በሙሉ ወደ ድሮው አልተመለሱም። ብዙ ሰው አይመለስም፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን ሽንት ቤት በራሳቸው ይሄዳሉ፣ ልብሳቸውን በራሳቸው ይለብሳሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ይቆጣሉ። ለአንድ ትልቅ ሰው ይህ ክብሩ ነው።

በዚያው ክረምት ሌላ አባት ነበሩ። ከእማ ብዙም አይበልጡም። የእሳቸው ስብራት እንዲያውም ለማስተካከል የሚመች ነበር፤ ከአንገቱ ዝቅ ያለ፣ በብረት የሚያያዝ። ቤተሰቡ «በክብር ይተኙ» አለና ፈርሞ ወሰዳቸው። ከሳምንታት በኋላ ሲመለሱ ጀርባቸው ላይ ጡጫ የሚያስገባ ቁስል ነበር። ያስላቸዋል፣ ይቀባዣሉ። ልጆቻቸው አንድም ቀን አልተለዩአቸውም። ማር በወተት እየጋቱ፣ ዝንብ እየከለከሉ፣ ተራ ገብተው እያደሩ ጠብቀዋቸዋል። በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ እንዳለባቸው ግን ማንም አልነገራቸውም። አባት አረፉ። ትንሹ ልጅ መተላለፊያው ላይ «ምን አጎደልንባቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አላጎደሉም። የሚወዱትን ሰው እንዳይንቀሳቀስ መጠበቅ ሕክምና መስሏቸው ነው። እዚህ አገር ይህን የሚነግር ሰው እንዲበዛ እፈልጋለሁ።

ለወጣቶቹ መንገዱ ይለያል። ከኮምቦልቻው ሕንፃ የወደቀው ልጅ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ብሎኬት እያቀበለ ነበር። ቀበቶ የለ፣ ሄልሜት የለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጣውላው ተሰበረ። በእግሩ ነው ያረፈው። በተረከዙ ያረፈ ሰው ሲመጣ ሐኪሞቻችን ወገቡንም ራጅ ሳያነሱ አይለቁትም፣ ምቱ በእግር በኩል ወደ አከርካሪ ስለሚወጣ። እሱም ሁለቱ ተረከዞቹ ደቀዋል፣ ወገቡ ላይ አንድ አጥንት ተጨፍልቋል። እግሩን ያንቀሳቅሳል፣ ሽንቱን ይቆጣጠራል። ከዚህ በላይ ዕድል የለም። ወደ 3 ወር ተረከዙ መሬት አልነካም። እኔ ጋ ሲጀምር በጉልበቱ ይሄድ ነበር።

አሁን ይራመዳል። ሜዳ ላይ ስታዩት ምንም የሆነ አይመስልም። ድንጋያማ መንገድ ላይ ግን ያመዋል፣ ሲበርድ ያመዋል፣ ከባድ ነገር አያነሳም። ወደ ግንባታ አልተመለሰም። የስልክ መያዣና ቻርጀር አዙሮ ይሸጣል። አሠሪው የመጀመሪያውን ቀን የራጅ ከፍሎ ጠፋ። ውል የለ፣ ኢንሹራንስ የለ። ሕጉ አሠሪ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ ለቀን ሠራተኛ ግን ሕጉን ይዞ የሚሟገትለት የለም። የአጥንቱ ሕክምና ተሳክቷል ማለት እንችላለን። የልጁ ኑሮ ግን አልተጠገነም።

ቤታችሁ ትልቅ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ውዱእ የሚደረግበት፣ እጅ የሚታጠብበት ሲሚንቶ ላይ ሻካራ ነገር ይነጠፍ። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት መብራት ይኑር፣ ካልሆነም ባትሪ ትራስጌያቸው ይቀመጥ። ታቹ ያለቀ የፕላስቲክ ጫማ ይጣል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሌሊት ሲነሱ መጀመሪያ ቁጭ ብለው ይቆዩ፣ ከዚያ ይቁሙ። ዓይናቸው ከደከመ ለእርጅና አትተዉት። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርባችን ነው፣ የዓይን ሞራ ይገፈፋል። ካየሁዋቸው የዳሌ ስብራቶች ውስጥ ስንቱ ደረጃውን ባለማየት የመጣ መሰላችሁ። አንዴ በትንሽ ውድቀት አጥንት ከተሰበረ ደግሞ አጥንቱ ሳስቷል ማለት ነውና ስለ አጥንት መሳሳት መድኃኒት ሐኪሙን ጠይቁት። ብዙ ሰው ስብራቱን ታክሞ ይህን ሳይጠይቅ ይሄዳል፣ በሌላኛው ዳሌ ይመለሳል።

ከሆስፒታል የወጣችሁ ሰዎች፣ ቀጠሮአችሁን አትተዉት። ቁስሉ ደርቋል ብላችሁ አትቅሩ። መንገዱ ከራቃችሁ ስልክ ደውሉ፣ እንቅስቃሴውን በስልክ እናስተካክላለን፤ ቪዲዮ የሚልክልኝም አለ። በጥግ ያቆማችሁት ክራንችና ዎከር ካለ ደግሞ አምጡልን። ይህን ስጽፍ ክፍላችን ውስጥ አንድ ዎከር ለሦስት ሰው በተራ ነው የምንጠቀመው።